የገባበት ቀን

የውሃ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኞች «ጋሼ ማኅተም» የሚለውን ስም ያወጡለት ከጀርባው ነበር። እያደር ግን ፊት ለፊትም ይጠሩት ጀመር፤ እሱም እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማዕረግ ተቀበለው። ሃያ ዘጠኝ ዓመት መዝገብ ቤቱን ሲይዝ አንድ ወረቀት ጠፍቶበት አያውቅም። ይህን ደግሞ ሰው እንዲናገርለት አይጠብቅም፤ ራሱ ይናገረዋል። ከሦስት ሥራ አስኪያጅ በፊት የተጻፈ የቧንቧ ጥገና ደብዳቤ ቢጠየቅ፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ በብረት መደርደሪያዎቹ መሐል ይገባና፣ ብዙም ሳይቆይ አቧራውን እፍ እያለ ይዞት ይወጣል። ከዚያ «በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላል። ማንም ባይጠይቀውም ይላል።

መርማሪዎቹ የመጡት በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ሦስት ነበሩ። ሁለቱ ላፕቶፕ አንግተዋል፤ የቡድኑ መሪ ግን አንዲት ቀጭን ደብተር ብቻ የያዘች፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ፣ ሽማግሌ ሰው ስታናግር «አባቴ» የምትል ሴት ናት። ለምን እንደመጡ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቃል። ከዓመት ተኩል በፊት የታችኛው ሰፈር ሰው ከቧንቧ በጠጣው ውሃ ታሞ፣ ሆስፒታሉ አልጋ አጥቶ ኮሪደር ላይ ሲያስተኛ ሰንብቷል፤ ሦስት ሰዎችም ሞተዋል። ያን ጊዜ «የየቤቱ ታንከር ስላልታጠበ ነው» ተብሎ ነገሩ ተድበሰበሰ። የሟቾቹ ቤተሰቦች ግን አርፈው አልተቀመጡም። አቤት ሲሉ፣ ደጅ ሲጠኑ ቆይተው ይኸው ምርመራ ተከፈተ።

«አባቴ፣ የላቦራቶሪው ኬሚስት ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ ኢሜይል ጽፌ ነበር ትላለች» አለች መሪዋ። «ውሃው ተበክሏል፣ ሥርጭቱ ይቁም ብዬ ጽፌ መልስም ተሰጥቶኛል ነው የምትለው። እሳቸው ምንም አልደረሰኝም ይላሉ። ኮምፒውተሩ ላይ ፈለግን፤ የለም።»

የሌለበትን ምክንያትም መሥሪያ ቤቱ ያውቀዋል። ሥራ አስኪያጁ በሹመት ወደ ላይኛው መሥሪያ ቤት ሲሄዱ፣ የኮምፒውተር ባለሙያው እንደ ልማዱ የኢሜይል ሣጥናቸውን ሙልጭ አድርጎ ጠርጎ ለአዲሱ አስረክቧል። ክፋት አልነበረበትም፤ ቤት ለአዲስ ገቢ ተጠርጎ ነው የሚሰጠው ብሎ ነው። የኬሚስቷም ሣጥን ቢሆን ጠባብ ስለሆነ፣ ዓመት ያለፈውን ደብዳቤ ራሱ እየጣለ ነው የሚኖረው።

«ኢሜይል እዚህ አይገባም» አለ ጋሼ ማኅተም ደረቱን ነፋ አድርጎ። «እዚህ የሚገባው ቁጥር ያለው፣ ቀን ያለው፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ነው። ሌላው ወሬ ነው።»

«ይህን ያለው ማን ነው?»

«አሠራሩ ነዋ።»

መሪዋ ደብተሯን ገለጥ አድርጋ የአንድ መመሪያ ቁጥር አነበበችለትና ሊያመጣላት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። የሚወደው ይህን ነበር። «ሰዓትዎን ይያዙ» ሊላት ምንም አልቀረው። ገባ፤ አራት ደቂቃም አልፈጀበት፤ ይዞ ወጣ። መመሪያው በፋይሉ፣ በተራው፣ ጫፉ እንኳ ሳይታጠፍ ተቀምጧል። ከሦስት ዓመት በፊት የገባ ነው፤ የገቢ ቁጥሩ በራሱ እጅ ጽሑፍ ተጽፎበታል።

«እስቲ አራተኛውን ነጥብ ያንብቡልኝ።»

መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። «ማንኛውም የመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚመለከት ኢሜይል እንደ ማንኛውም ደብዳቤ የመንግሥት መዝገብ ነው። ላኪው ወይም ተቀባዩ አትሞ ሲያቀርበው መዝገብ ቤቱ ማኅተም ሳይጠይቅ፣ ቁጥር ሰጥቶ…» እዚህ ላይ ማንበቡን አቆመ።

«…ይመዘግባል» ብላ ጨረሰችለት። የቁጣ ቃል አልጨመረችበትም። ብትቆጣ ይሻለው ነበር።

ይህን የሚረዳው የመዝገብ ቤት ሰው ብቻ ነው። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ደብዳቤ አያነብም። ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ከማን ለማን እንደሆነና «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ያያል፤ ከዚያ በታች ያለው የሌላ ሰው ሥራ ነው። ጋሼ ማኅተም እንዲያውም ማንበብን እንደ ነውር ነበር የሚቆጥረው፤ አለቆቹም የሚያምኑት ለዚህ ነው። ያን ሁሉ ዓመት በወረቀት ተከብቦ ሲኖር አንድ ሙሉ ገጽ አንብቦ አያውቅም ቢባል ብዙም ማጋነን አይደለም። ይህኛው ሲመጣም «ጉዳዩ፦ ስለ መዛግብት አያያዝ» የሚለውን አይቶ፣ «ስለ መዛግብት አያያዝማ ለእኔ ማን ሊነግረኝ» ብሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ ቦታው ላይ አስቀመጠው። በደንብ ነው ያስቀመጠው።

ኬሚስቷ ትዝ ያለችው ያኔ ነው።

ከአሥራ ዘጠኝ ወር በፊት፣ ዝናቡ ሊገባ ሲል፣ ኬሚስቷ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ከላቦራቶሪው ወርዳ መጥታ ነበር። በመዝገብ ቤቱ መስኮት በኩል ሁለት የታተሙ ወረቀቶች አቀበለችው።

«ጋሼ፣ ይህን መዝግበው ቁጥር ይስጡልኝ።»

እንደ ልማዱ ዓይኑን ከላይ ወደ ታች አስወርዶ ማኅተም ፈለገ። አጣ።

«ምንድን ነው ይሄ ልጄ?»

«ኢሜይል ነው። አንዱን እኔ የጻፍኩት፣ አንዱ ደግሞ የሥራ አስኪያጁ መልስ።»

«ማኅተሙስ?»

«ኢሜይል ማኅተም የለውም እኮ ጋሼ።»

«እንግዲያው ደብዳቤ አይደለም። ማኅተም የሌለው ወረቀት እጁን ሳይታጠብ ማዕድ የሚቀርብ እንግዳ ነው። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ግቢና አስመትተሽበት ነይ።»

«ራሳቸውን የሚያስጠይቅ ወረቀት ላይ ማኅተም የሚያደርጉልኝ ይመስልዎታል?»

«እሱን እኔ አላውቅም። የኔ ሥራ ይሄ ነው።»

«አስቸኳይ ነው ጋሼ።»

«አስቸኳይ የሚል ማኅተምም አለን» አለና በራሱ ቀልድ ሳቀ። ከኋላው ወረቀት እየበሳች ፋይል የምታያይዘው ረዳቱም አብራው ሳቀች።

ኬሚስቷ አልሳቀችም። ትንሽ ቆማ አየችውና ወረቀቶቹን መስኮቱ ላይ ትታቸው ሄደች።

እሱ ደግሞ ወረቀት መጣል አይሆንለትም። በአንድ በኩል ባዶ የሆነውን ወረቀት ሁሉ በማስመሪያ አራት ቦታ እየቀደደ ማስታወሻ ያደርገዋል፤ ለዚህ ቁጠባው አንድ ጊዜ የምስጋና ደብዳቤ ደርሶታል፣ ማኅተም ያለበት። የልጅቷንም ወረቀቶች ዕለቱን አራት አራት ቦታ ቀደዳቸው። አላነበባቸውም። ሰባት ሳምንት ቆይቶ የታችኛው ሰፈር ሰው መታመሙን ሲሰማ እንደ ማንኛውም ሰው ከንፈሩን መጠጠ። እሱን ከዚያ ነገር ጋር የሚያያይዝ ክር ይኖራል ብሎ በሕልሙም አላሰበ።

ይህን ሁሉ እዚያው ለመሪዋ መንገር ነበረበት። አልነገራትም። አፍሮ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለውም። እሷ ግን ደብተሯን እየዘጋች አንድ ነገር ተናግራ ሄደች፣ እሱም ነው ቀኑን ሙሉ አላስቀምጥ ያለው። የላቦራቶሪው የውጤት መዝገብ ተገኝቷል፤ ውሃው መበከሉ ከነቀኑ በኬሚስቷ እጅ ተጽፎበታል። እሱ ይህን ሲሰማ ለልጅቷ ደግ ነገር መስሎት «ተመስገን» አለ።

«ደግ አይደለም አባቴ» አለች መሪዋ። «ማወቋን የሚያሳይ ወረቀት አለ። መናገሯን የሚያሳይ የለም። በዚህ ከሄደ ሥራዋን ብቻ አይደለም የምታጣው፣ ፍርድ ቤት ነው የምትቆመው።»

ቤቱ ሲገባ ባለቤቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የጎረቤት ልጆች የትምህርት ቤት ዩኒፎርም እያጠበበች፣ ፊቱን ቀና ብላ አየችና መኪናውን አቆመች። ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት ናት፤ የሚደበቃት ነገር የለም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገራት። ስትሰማው ቆይታ፣ በአፏ የያዘችውን መርፌ አወጣች።

«ታዲያ አሁን ጻፍላት። መዝገቡ በእጅህ፣ ቁልፉ በኪስህ።»

«በዚያ ቀን አድርጌ?»

«በዚያ ቀን አድርገህ። አልመጣችም እንዴ?»

«መጥታለች። ግን አልመዘገብኩም። አሁን ብጽፈው ሐሰት ነው።»

«አንተ ሰውዬ» አለች። «እውነቷን ይዛ ስትመጣ አስወጣሃት። አሁን አንዲት ሐሰት ብትፈልግ ደግሞ ሃይማኖተኛ ሆንክባት። ምን ይሻላታል?»

ሌሊቱን ሲገላበጥ አደረ። ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ቢሮ ገባና የዚያን ዓመት የገቢ ደብዳቤ መዝገብ አውርዶ ዘረጋው። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ ብዕሩን ከፍቶ ነው የዘረጋው። ቀኑን አገኘው። ያን ዕለት የገቡት ደብዳቤዎች አሥራ አንድ ናቸው፤ ከሥራቸው ሦስት ባዶ መስመር ይታያል። በሦስቱ መስመር ላይ ግን፣ ከጥግ እስከ ጥግ፣ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ሰረዝ አለ። ማንም ቆይቶ መጥቶ በመሐል አንድ መስመር እንዳይሸጉጥ፣ ማታ ማታ ሥራ ሲዘጋ ራሱ የሚያሰምረው ሰረዝ ነው። ሌባ እንዳይገባ ብሎ ያጠረው አጥር ባለቤቱን ውጭ አስቀረው። ብዕሩን ዘጋ። ሐሰት ሳይጽፍ በመቅረቱ ደስ አላለውም፤ ሊጽፍ በመነሣቱም አፈረ፤ ባለመቻሉም አዘነ። ሦስቱንም በአንድ ላይ።

መዝገቡን መልሶ ሊሰቅል መደርደሪያው ዘንድ ሲደርስ ነው ቁራጮቹ ዓይኑ ውስጥ የገቡት። ፋይል በውሰት ሲወጣ፣ በቦታው እሱ ለማስታወሻ ከሚቀዳድደው ወረቀት አንዲት ቁራጭ ይሰካል፤ ማን እንደወሰደው፣ መቼ እንደወሰደው ይጻፍባታል። ፋይሉ ሲመለስ ቁራጯ ትጣላለች። ያልተመለሰ ፋይል ካለ ግን ቁራጯ እዚያው እንደቆመች ትኖራለች። ሰው የወሰደውን መመለስ የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ ቁራጭ አይገኝም ነበር። ጋሼ ማኅተም ስንት ዓመት ሲራገምባቸው የኖረውን ውሰት የማይመልሱ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ መረቃቸው።

ሁለት ቀን ፈጀበት። መሰላል ላይ እየወጣ፣ እያንዳንዷን ቁራጭ እየነቀለ፣ ጀርባዋን እያየ፣ መልሶ እየሰካ። ረዳቱ ምን እንደሚፈልግ ስትጠይቀው እውነቱን ነገራት። ያን ቀን አብራው መሳቋ ትዝ ብሏት እንደሆነ አላወቀም፤ ሌላ መሰላል አምጥታ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች። ከስምንቱ ሁለቱን አገኙ። አንደኛዋ ጋራዡ ወስዶ ባስቀረው የመኪና ፋይል ቦታ፣ ሁለተኛዋ በአንድ የድሮ የሠራተኛ ፋይል ቦታ ነበረች። የቀሩት ስድስቱ የት እንደገቡ አይታወቅም። አንዷ ምናልባት ስልክ ቁጥር ተጽፎባት ተጥላለች፤ አንዷ የሚንገዳገድ ጠረጴዛ እግር ሥር ገብታ ይሆናል።

ለመርማሪዎቹ በተሰጠችው ትንሽ የስብሰባ ክፍል ውስጥ፣ ሁለቱን ቁራጮች መሪዋ ፊት አስቀምጦ ሁሉንም ተናገረ። ልጅቷ መምጣቷን፣ አልመዘግብም ብሎ መመለሱን፣ ወረቀቶቹን መቅደዱን። መሳቁን እንኳ አላስቀረም። አንዱ መርማሪ እየጻፈ ነበር። መሪዋ ቁራጮቹን አገላብጣ ረጅም ጊዜ አየቻቸው። የመጀመሪያዋ የላይኛው የግራ ጥግ ናት፤ የኬሚስቷ ስም፣ ቀኑና «ጉዳዩ፦ የታችኛው ሰ» የሚል ተቆርጦ የቀረ መስመር አለባት። ሁለተኛዋ የታችኛው ጥግ ናት፤ «ቱ እስኪያልፍ ይቆይ። ዝርዝሩን በቃል እንነጋገራለን» ትላለች። የጻፈው ሰው ስም በላይኛው ቁራጭ ላይ ነበር። ያቺ የለችም።

«ምርቃቱ እስኪያልፍ ማለት ነው» አለ ጋሼ ማኅተም። «ያን ሰሞን የአዲሱ መስመር ምርቃት ነበር።»

«እኔም እንደዚያ ነው የሚመስለኝ» አለች። «ግን የሚመስለኝን አይደለም የምጽፈው።»

«ምስክርነቴስ?»

«እጽፈዋለሁ። ነገር ግን አባቴ፣ ወረቀቱ ላይ ምን ይል እንደነበር አንብበዋል?»

«አላነበብኩም።»

«እንግዲህ ሁለት ወረቀት ይዛ መምጣቷን ነው የሚመሰክሩላት። የወረቀቱን ነገር አይደለም።» ከፋይሏ አንድ ገጽ አወጣች፣ ትንሽ አመነታች፣ ኋላ ግን አነበበችለት። የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የሰጡት ቃል ነው። «የመዝገብ ቤታችን ኃላፊ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ወረቀት ያልጠፋበት ሰው ነው። ይህን ማንንም ጠይቁ። ኬሚስቷ የጻፈችው ነገር ቢኖር ኖሮ እሱ ዘንድ ይገኝ ነበር። እሱ ዘንድ ከሌለ አልተጻፈም።»

ጋሼ ማኅተም ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው ምስጋና ይህ ነበር። ከሥራ አስኪያጅ አፍ የወጣ፣ በጽሑፍ የሰፈረ። ሰውየው ዓይናቸውን በጨው አጥበው የዋሹት በእሱ ስም ተደግፈው ነው፤ ያን ስም ደግሞ በነፃ ነው ያበደራቸው። «እንዲህ ነው ለካ» ብቻ አለና ተነሣ። በሩ ዘንድ ሲደርስ መሪዋ «አዝናለሁ አባቴ» አለችው። እውነትም ያዘነች ትመስላለች።

ውሳኔው አሥር ቀን ሳይሞላው መጣ። ኬሚስቷ ከሥራ ተሰናበተች፣ የሙያ ፈቃዷ ታገደ፣ ጉዳይዋም ለፍርድ ቤት ተላለፈ። ለቀድሞው ሥራ አስኪያጅ የክትትል ጉድለት በሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። የማስጠንቀቂያው ግልባጭ መዝገብ ቤት ሲደርስ፣ ጋሼ ማኅተም ከላይ እስከ ታች አነበበው። አሁን የመጣ ወረቀት ሁሉ ያነባል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው፤ ራሱም ያውቀዋል። ሥራው በዚህ የተነሣ ይጓተትበታል፤ ሰዎችም መስኮቱ ላይ ቆመው ያጉረመርማሉ።

በዚያው ቀን ሁለቱን ቁራጮች በንጹሕ ወረቀት ላይ ለጠፋቸው። ከሥራቸው ማን እንዳመጣቸው፣ ማን እንደመለሳቸው፣ ማን እንደቀደዳቸው ጽፎ ፈረመ። ከዚያ የዘንድሮውን የገቢ መዝገብ ከፍቶ በተራው መስመር ላይ አሰፈረው። «የተጻፈበት ቀን» በሚለው ዓምድ የኢሜይሉን ቀን ጻፈ። «የገባበት ቀን» በሚለው ዓምድ የዛሬውን ጻፈ። ሁለቱ ቀኖች ጎን ለጎን ሲታዩ የእንግዳ እጅ ጽሑፍ መሰሉት። በመሐላቸው ያለችው ባዶ ቦታ ከጣት ጥፍር አትበልጥም፤ ሦስት ሰዎች ግን እዚያ ውስጥ ሞተዋል። ግልባጩን ይዞ ወደ ላቦራቶሪው ደረጃውን ወጣ። በዚያ ደረጃ ወጥቶ አያውቅም ነበር፤ ሰው ነበር ወደ እሱ የሚወርደው።

ኬሚስቷ ዕቃዋን ካርቶን ውስጥ እየከተተች ነበር። አንድ ሲኒ፣ አንድ የግድግዳ ሰዓት፣ ጥቂት መጻሕፍት። የላቦራቶሪው ጠርሙሶች ታጥበው በመደዳ ተደፍተዋል። ስታየው አልተቆጣችም፣ ወንበርም አልሳበችለትም።

«ይህን ላመጣልሽ ብዬ ነው» አለ። «ቁጥር አለው። ፍርድ ቤት ይዘሽው ብትቀርቢ…»

ተቀብላ አየችው። ጣቷ ሁለቱ ቀኖች ላይ ቆየ።

«ራስዎን ነው የጻፉት» አለች።

«የሆነውን ነው የጻፍኩት። ይቅር በይኝ ልጄ። አላነበብኩትም። አንድ ጊዜ ዓይኔን ዝቅ ባደርግ ኖሮ… የቀረውን ንገሪኝ እስቲ። ምን ይል ነበር?»

የታጠቡትን ጠርሙሶች እያየች፣ ምንም ሳታቋርጥ፣ በቃሏ አለችለት። «ከታችኛው ሰፈር መስመር ከአምስት ቦታ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የፍሳሽ ብክለት ተገኝቷል። ምርመራው ሁለት ጊዜ ተደግሞ ውጤቱ ያው ነው። ውሃው ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአዛውንት ለሕይወት የሚያሰጋ ነው። ሥርጭቱ ዛሬውኑ እንዲቆምና ለነዋሪው እንዲነገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ጋሼ ማኅተም እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ስድስት መስመር ቢሆን ነው። ቆሞ ለማንበብ ደቂቃ የማይፈጅ።

«እሱ ብቻ አይደለም» አለች ኬሚስቷ። «ለመርማሪዋ ያልነገርኳት ነገር አለ። ያን ቀን ከእርስዎ መስኮት በቀጥታ ጤና ቢሮ ልሄድ ነበር። ወረቀቱ ቁጥር ከያዘልኝ እዚያም ይሰሙኛል ብዬ ነው መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ የመጣሁት።»

«ታዲያ?»

«ሳቃችሁ በጆሮዬ እያለ ደረጃው ላይ ደረስኩ። ቆምኩ። ይህን መሥሪያ ቤት ከጋሼ የበለጠ የሚያውቅ የለም አልኩ፤ እሳቸው ደብዳቤ አይደለም ካሉ፣ ምናልባት እኔ ነኝ ነገሩን ያጋነንኩት። ጤና ቢሮ ሄጄ ደግሞ ሁለተኛ ይሳቅብኝ? አልኩ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣሁና ሥራዬን ቀጠልኩ። ሰባት ሳምንት ሙሉ ናሙና እየወሰድኩ፣ ውጤቱን ደብተር ላይ እየጻፍኩ።»

ጋዋኗን አውልቃ አጠፈች፣ ካርቶኑ ላይ አደረገችው፣ ወረቀቱን ከላይ አስቀመጠችና ክዳኑን ዘጋች። እሱ እጁን ዘርግቶ ካርቶኑን ሊያነሣላት ሲል፣ «ይተዉት ጋሼ፣ አይከብድም» አለችው።